ጣና፦ ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ የማይጠየቅ ሐይቅ

በግንቦት አጋማሽ አንድ ምሽት የጎረቤቴ ልጅ የሰባተኛ ክፍል የቤት ሥራውን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ጣና ስንት ሜትር ይጠልቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዐሥራ አራት ሜትር ገደማ» አልሁት። ሊጽፍ ደብተሩ ላይ ካጎነበሰ በኋላ ቀና ብሎ «ኪሎ ሜትር ማለትዎ ነው?» አለኝ። አልፈረድሁበትም። የጣናን ትልቅነት እየሰማ ላደገ፣ ዳርቻው ያሉትም ሰዎች «ባሕር» እያሉ እንደሚጠሩት ለሚያውቅ ልጅ ይህ ቁጥር ሐይቁን ማሳነስ ይመስላል። እኔም ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ስፋቱን በቃሌ እየደገምሁ ጥልቀቱን እምብዛም ሳላነሣ ዓመታት አሳልፌአለሁ። አሁን ግን የጣናን ጠባይ አብዛኛውን የሚፈታው ይህ የተዘነጋው ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐይቁ በርዝመቱ 84፣ በወርዱ ደግሞ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ የሚሸፍነውም ቦታ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ወይም 9 ሜትር ብቻ ነው። በእኛ አካባቢ ጫካ ውስጥ ያለ አንድ ያደገ ቀረሮ ከ40 ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ ጣና እጅግ በጠለቀበት ቦታ ላይ ቢተከል ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው ከውኃው በላይ ይታይ ነበር። ለልጁ ነገሩ የገባው በእንጀራ ሳስረዳው ነው፦ ጣናን አሳንሰን በምጣድ ልክ ብናደርገው የውኃው ውፍረት ከደብተሩ አንድ ቅጠል አይበልጥም፤ ከዚያው ምጣድ የሚወጣው እንጀራ ከሐይቁ ብዙ እጥፍ ይወፍራል።

ሌላም ልብ ያልሁት ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የጣና የውኃ ገጽም 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ቤቴ በረንዳ ላይ ቡና የምጠጣ ሰውና እዚያ ታንኳ ላይ የተቀመጠ አስጋሪ በአንድ ከፍታ ላይ ነን ማለት ይቻላል። ሆኖም የእኛ አዌቱ ወንዝ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲወርድ፣ የጣና ውኃ በዓባይ በኩል እስከ ሜዲትራኒያን ይጓዛል።

ጣና በተፈጥሮው የታገደ ውኃ ነው። ምድሩ ቀድሞውኑ በመሬት መሰንጠቅ ዝቅ ያለ ጎድጓዳ ነበር፤ ከዚያም በደቡብ በኩል የፈሰሰ ቅልጥ አለት ረግቶ የዓባይን መውጫ እንደ ግድብ ዘጋው። ከሐይቁ ወለል ተሰርስሮ የወጣውን ደለል ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ዝናቡ በጠፋበት ዘመን ጣና ደርቆ ነበር፤ ዛሬ ጀልባ በሚቀዝፍበት መካከል ላይ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበረ። ዝናቡ ሲመለስ ሐይቁ እንደገና ሞልቶ በዓባይ በኩል መፍሰስ ጀመረ። ጥልቅ ሐይቅ ቢሆን ኖሮ ድርቁ ዳርቻውን አሽሽቶ ይተወው ነበር፤ ጥልቀት ለሌለው ግን ድርቅ ማለት ከነጭራሹ መጥፋት ነው።

ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች መካከል ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ያመጣሉ፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን በባሕር ዳር በኩል ዓባይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማርማቸው ስሕተት አለ፤ ዓባይ ሁሉ ከጣና የሚመነጭ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ከሚገባው የዓባይ ውኃ ውስጥ ከጣና የወጣው ከዐሥር አንድ እጅ አይሞላም። ቀሪው ጣናን ካለፈ በኋላ ከግራና ከቀኝ ከሚቀላቀሉት ወንዞች ነው፤ ከእነርሱም አንዱ የእኛው ጎረቤት ደዴሳ ነው። በሌላ በኩል ፀሐይ ከሐይቁ ገጽ በየዓመቱ የአንድ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ውኃ ታተንበታለች። አማካይ ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር ለማይሞላ ሐይቅ ይህ ብዙ ነው።

ውኃው በሰኔ ወደ ዝቅተኛው መጠኑ ይደርሳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ይሞላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተለመደው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ላይ ግን ይህች ከፍታ ሰፊ መሬት ታሰጥማለች፣ መልሳም ትገልጣለች። ገበሬዎቹ ውኃው ሲሸሽ የሚያርሱትን እርጥብ መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። ቃሉን እወድደዋለሁ፤ መሬቱን የሰየሙት በሄደው ውኃ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1996 በመውጫው ላይ የጨራጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በከፊል በሰው እጅ ሆኗል። ውኃው የሚመራው በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ነው፤ ማለትም የኃይል ማመንጫው፣ የመርከቡ፣ የአስጋሪውና የገበሬው ክርክር ሁሉ የሚካሄደው በሦስት ሜትር ውኃ ላይ ነው። ዝናብ ባነሰበት በ1995 ዓ.ም.፣ ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ብዙ ውኃ ይለቀቅ ስለነበር ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመርቆ፣ ውኃው ከምዕራብ ዳርቻ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርድ ጀመር። የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ ሁለትም ውኃውን የሚያገኘው ተራራ ሰርስሮ በሚያልፍ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው።

ወደ ዓሣው ልግባ፤ የጣና ነገር እጅግ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነውና። ከባሕር ዳር በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር ከፍታ ስለሚወረወር፣ ከታች የሚኖር ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህም በጣና ያሉት ዓሦች እንደ ገዳም ሰዎች ከዓለም ተለይተው የራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። አስጋሪዎች «ነጭ ዓሣ» ብለው በአንድ ስም የሚጠሩት ዓሣ፣ ሳይንሱ ላቤኦባርበስ የሚለው፣ በእርግጥ አንድ ዓሣ አይደለም፤ ከዐሥራ አምስት ያላነሱ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ከወለሉ ጭቃ ይለቅማል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ስምንቱ ያህል ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ የመጨረሻው ተመራማሪዎችን ያስደንቃል፤ እነዚህ የካርፕ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና አዳኝነት የሚጠበቅባቸው አልነበረም። እንዲህ ያለ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዛ የካርፕ ዘመድ ቤተሰብ በዓለም ላይ የተረፈው ጣና ውስጥ ብቻ እንደሆነ ይነገራል።

ከነጭ ዓሣ ሌላ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቤሶ አሉ። ቆሮሶ በዳርቻው ሣር መካከል ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ትወልዳለች። አምባዛ ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው። እዚህ ጅማ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣልን በአብዛኛው ቆሮሶ ስለሆነ ምግብ ቤቶቻችን «ዓሣ» ሲሉ እርሱን ማለታቸው ነው፤ የባሕር ዳር ሰው ግን «የትኛው?» ብሎ ሳይጠይቅ አያዝዝም። (የጅማ የዓሣ ዱለት ከባሕር ዳሩ ይበልጣል የሚለውን አቋሜን ለጊዜው አቆየዋለሁ።)

ነጭ ዓሣን ለጥፋት የሚያጋልጠው አወላለዱ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ሽቅብ በመዋኘት ጠጠር ባለበት፣ አየር በሞላበት ንጹሕ ውኃ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ዕድገታቸውም አዝጋሚ ነው። ከመውጣታቸው በፊት በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መረቡን የሚዘረጋውም እዚያ ነው። በድሮው ዘመን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣውን አደንዝዘው ይይዙት ነበር፤ ያም ቢሆን ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1986፣ በውጭ ድርጅቶች ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲገባ ነው። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ አስጋሪው ከዳርቻው ርቆ እንዲሠራና የከተማው ገበያ እንዲመገብ ታስቦ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተመዘገበው ምርት ውስጥ ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኙ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ መረብ ግን በሌሊት ይዘረጋል፣ አዋጅም በሌሊት አይታይም። በዚህ ላይ የወንዞቹን ጠጠር የሚያናጋው የአሸዋ ቁፋሮና የመስኖ ጠለፋ ሲጨመር፣ ዓሣው ከመረቡ ቢያመልጥ እንኳ መውለጃ ያጣል።

ከሞተሩ በፊት የነበረው ታንኳ አሁንም አልጠፋም። ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ስለሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭኖ ሲመጣ ያየሁት ታንኳ ከጭነቱ ሥር ጨርሶ አይታይም ነበር፤ ሰውየው የእንጨት ክምር ላይ ተቀምጦ ውኃ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። በዚህ ጥበብ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው፤ ከጥንት ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ጉማሬም ሲያድኑ የኖሩ ናቸው። በአመጋገባቸው ምክንያት ጎረቤቶቻቸው አርቀዋቸው ኖረዋል፤ የራሳቸው የነበረውም ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። የሐይቁን ወለል ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ ስለ ሐይቁ በሚደረግ ስብሰባ ላይ የፊት ወንበር ሲሰጣቸው አለማየቴ ያሳዝነኛል።

እምቦጭ በሐይቁ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም። ወንዞቹ ከታረሰው ተዳፋት የሚያጥቡትን አፈርና ማዳበሪያ የሚያራግፉት እዚያ ነው፤ ውኃውም ጥልቀት ስለሌለው አረሙ ሲፈልግ ይንሳፈፋል፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው ላይ ሥር ይሰድዳል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በእጅም በማሽንም ብዙ ተለቅሟል፤ ከጅማ እንኳ ለዘመቻው ገንዘብ ያዋጣን ነበርን። እንደ እኔ ግን አፈሩን ተራራው ላይ ማስቀረት ካልተቻለ የዳርቻው ዘመቻ በየዓመቱ አረም ከመልቀም አያልፍም።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሣ፤ ስለ ገዳማቱ የሚጽፉ ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ናቸው። ከ37ቱ ደሴቶች ብዙዎቹ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ዐርፏል፤ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን አሠርተዋል፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ለጅማ ሰው የሚጥመው ግን የዘጌ ነገር ነው። በአፈ ታሪኩ አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆርጠው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። በልምዱም ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። በዚህም ምክንያት ዘጌ እስካሁን ደን ለብሶ ቡናውን በጥላ ሥር ያበቅላል፤ ከላይ የተማረርሁበት አፈርም ከዚያ በኩል ወደ ሐይቁ አይወርድም። ቡናው ከእኛው ይበልጥ እንደሆነ የጠየቀኝ ካለ መልሴ የታወቀ ነው።

ልጁ 14 ብሎ ጽፎ ሄደ። በሳምንቱ ቅዳሜ ቀርከሃ ቆርጦ፣ በየግማሽ ሜትሩ በከሰል ምልክት አድርጎ መጣና «ቦዬንም እንለካ» አለኝ፤ ቦዬ ጅማ ዳር ያለ ረግረግ ኩሬ ነው። ጉማሬ ስላለ ከዳር አልራቅንም። ቀርከሃው ሁለተኛው ምልክት ሳይረጥብ ጭቃ ነካ፤ ልጁ ግን ሳያዝን «ጋሼ፣ በምጣድ ልክ ቢሆንስ ስንት ይሆናል?» እያለ መልሶ ሰካው።