የ5 ብሯ ኩርፊያ

ዛሬ የነቃሁት ኮስተር ብዬ ነው። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ፣ ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ በድሬ ሙቀት ስገላበጥ ነጋ። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስሄድ በ5 ብር መልስ የባጃጁ ልጅ ላይ ጮህኩበት። እሱ ዝም አለኝ፣ ግን ወዲያው መንገድ የዘጋበትን ባለጋሪ ሰደበ። ባለጋሪው ደግሞ አህያዋን በአርጩሜ ሾጥ! አህያዋ በማን ላይ እንደተወጣችው እንጃ።

ክሪስታኪስና ፋውለር የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ አሜሪካ ፍራሚንግሃም ውስጥ ለ20 ዓመት ክትትል የተደረገባቸውን የ4,739 ሰዎች መረጃ መርምረው፣ ደስታ እስከ ጓደኛ ጓደኛ ጓደኛ ድረስ እንደሚዘልቅ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጽፈዋል። ስለ አህያ ያሉት ነገር የለም።

ከሰዓት ከፊራ ገበያ ገባሁ። ቲማቲም የምትሸጥ እናት ቀና ብላ አየችኝና፣ «አቦ ፊትህን ፍታው፣ ቲማቲሜን ልታጠወልግብኝ ነው!» አለችኝ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቧ ያለችው ባለሽንኩርት ወሬውን እንኳ ሳትሰማ እኛን አይታ ሳቀች፣ ሽንኩርት የሚመርጠውም ሰውዬ ተከተለ።

ማታ የጠዋቱን ልጅ ፈለግኩት፣ አጣሁት። ለሌላው ባለባጃጅ መልሱን ስተውለት ግራ ገብቶት፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ ግን?» አለኝ።