የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ

እሑድ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ

ዛሬ ጰራቅሊጦስ ነው። በዓለ ሃምሳ አለቀ፣ ነገ የሐዋርያት ጾም ይገባል። እማዬ ከቀትር ጀምራ የጾም ድስቶቿን ስታጥብና ስትደፋ ነው የዋለችው። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት እመዘናለሁ። ቁጥሩን ከማየቴ በፊት፣ ደስታውም ቅሬታውም ሳይመጣብኝ፣ ያለፉትን አምስት ሳምንታት ልጽፍ ተቀመጥኩ። በተለይ የመጀመሪያውን ሳምንት። ከዚህ በፊት ክብደት ልቀንስ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ያቋረጥኩት በእሱ የተነሣ መሆኑ የገባኝ ገና ዘንድሮ ነው።

የጀመርኩት ሚያዝያ 27 ነው። የአርበኞች ቀን ስለሆነ ሥራ ዝግ ነበር። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ነው፤ በዚያ ቀን ጠዋት አባት አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው ወደ ሐውልቱ ሲሄዱ በመንገዱ ያልፋሉ። እማዬ ልታያቸው ስትወጣ እኔ በሬን ዘግቼ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 84.6።

ለመልክ ብዬ አይደለም። ከፋሲካ በፊት ስመረመር የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር መጠኔ 6.1 በመቶ መጣ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና በሽታ አልሆነም፣ ግን ደጃፉ ላይ ነው። አባቴን የወሰደው ስኳር ነው። መጀመሪያ የእግሩን አውራ ጣት፣ በዓመቱ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቁስሉን በየማታው የማጥበው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያሳየኝ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የላከኝ ወደ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው፤ ወጣት ናት፣ ግን ትዕግሥቷ የአሮጊት። «ክብደትዎ ባለበት እንዲቆይ በቀን 2,000 ካሎሪ ገደማ ይበቃዎታል፤ እኛ 1,500 እናድርገው» አለችኝ። ግቡ ከክብደቴ 7 በመቶ ነው፣ ስድስት ኪሎ ገደማ። ቁጥሩን ከራሷ አላመጣችውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ እንደኔ ደጃፉ ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ላይ በስኳር የመያዝ ዕድሉ 58 በመቶ ወርዷል። ይህን ስትነግረኝ አባቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ቆጨኝ።

ከቤታችን ምግብ ብዙ አልለወጥኩም። እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ። የለወጥኩት ልኩን ነው። በመጀመሪያው ቀን እማዬ ለምሳ ሽንኩርት ስታቁላላ አጠገቧ ቆሜ ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ እንድትለካልኝ ለመንኳት። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ከጀሪካኑ በዓይኗ ነው የምታፈሰው። እንደ ልማዷ በጎድጓዳ ሳህን አፈሰሰች፣ ከዚያ በማንኪያ እየቀዳን ወደ ድስቱ ጨመርን። ስድስት ማንኪያ ሆነ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ለአራት ሰው ሽሮ 720 ካሎሪ ዘይት፣ ሽሮው ሳይቆጠር ማለት ነው። እማዬ ማንኪያውን እያየች ቆየችና «ይኼ ሁሉ?» አለች። እኔም እንደዚያው ነበር የገረመኝ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጾሜ አንድ ጊዜም ከስቼ አላውቅም፤ ምክንያቱ ያ ማንኪያ ውስጥ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ ሰባ ደረጃን ስወጣ አዞረኝ። ግማሽ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅሁ። በዚያው ሳምንት ሽንት ቤት መመላለሴ ጨምሮ ነበር፣ ሌሊትም እነሣለሁ። የስኳር ነገር ነው ብዬ ፈራሁ። ቀለበቴ ደግሞ ላላ፤ ሳሙና ካልነካው የማይወልቀው ቀለበት እጄን ስታጠብ ብቻውን ወለቀ። ግንቦት 4፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሚዛኑ 81.4 አለ። በሰባት ቀን 3.2 ኪሎ።

ደስታዬን መሸሸግ አልቻልኩም። ማታ ከሥራ ስመለስ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ፣ «ማዘር፣ ይመዘኑ» ሲለኝ ሳላስበው ወጣሁበት። መርፌው 83ን አልፎ ቆመ። ምሳ በልቼ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ ጫማና ሹራብ ለብሼ መሆኔን ሳላስብ ሆዴ ባባ። ለልጁ ብሩን ሰጥቼ እስከ ቤቴ አቀርቅሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሼ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ በዚያው በአንዱ ሚዛን ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ የጠበቀኝ ግን የባሰ ነበር። እማዬ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መብራቱ አዞረችው። «ጉንጭሽ ምን ሆነ? ልጄ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ?» እኔን አዝላ ከወሎ የወጣችው በሰባ ሰባት ነው። የአንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም፤ ግን መንገድ ላይ ጀርባዋ ላይ ያለሁት እየቀለልኩ መሄዴ ይታወቃት እንደነበር አንድ ጊዜ ነግራኛለች። ለሷ ሰው በሳምንት ውስጥ ጉንጩ ከጎደለ ትርጉሙ አንድ ነው። እኔ የሚዛኑን ቁጥር ይዤ ስደሰት እሷ የምታየው ሌላ ነገር ነበር። ያን ማታ «አፈር ስሆን» እያለች ያጎረሰችኝን ጉርሻ አልመለስኩም። መመለስ አልችልምም ነበር።

በማግስቱ ለባለሙያዋ ደወልኩላት። ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይዟል። የኔ ጉድለት በቀን 500 ነው፣ በሳምንት 3,500። ይህ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሰባቱንም ቀን እህል ባልቀምስ ኖሮ 14,000 ካሎሪ ነው፣ ከሁለት ኪሎ በታች። ስለዚህ 3.2 ኪሎው በሙሉ ስብ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ሌላው ምንድን ነው? ሰውነት ከእንጀራውና ከዳቦው ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል፣ ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንስ ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው ከዚህ ጎተራ ነው፤ እሱ ሲጎድል ውኃውም አብሮ ይወጣል። በዚህ ላይ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ዝቅ ስለሚል ኩላሊት ጨውን ይለቃል፣ ጨው የያዘው ውኃም ይከተላል። ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለውም ምግብ ያንሳል። የሌሊቱ መመላለስ፣ የቀለበቱ መላላት፣ የሰባ ደረጃው ማዞር፣ የጉንጬ መጉደል፣ አብዛኛው ውኃ ነበር። «ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ማዞሩ ካልተወዎት ይምጡ» አለችኝ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ግን ሳይጀምር በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ምግቡ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ይህን ወዲያው ለአክስቴ ነገርኳት፤ የግፊት ክኒን ትወስዳለች፣ «እኔም ካንቺ ጋር እጀምራለሁ» ብላኝ ነበር።

ለእማዬ ይህን ሁሉ እንዴት ብዬ ልንገራት? ግላይኮጅን ብላት ምን ይፈይዳል? ውኃው ነው የሄደው፣ ሥጋዬ አይደለም፣ አልኳት። ዝም ብላ ቆይታ «እንደ ቋንጣ» አለች። ለፋሲካ ከተረፈው ሥጋ የሰቀለችው ቋንጣ ገና ገመዱ ላይ ነበር። አንዱን ዘለላ አውርዳ በመዳፏ መዘነችው። «አንድ ኪሎ የሰቀልሽው በሳምንቱ እፍኝ አይሞላም። የሄደው ውኃው ነው፣ ሥጋውማ አለ።» ከዚያ ወዲህ ጉንጬን አልነካችውም፤ ስበላ ግን አሁንም ታየኛለች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ሰዓት ያሰብኩት ስላለፉት ሁለት ጊዜያት ነው። በ2012 የመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ሰጠኝ፣ ሦስተኛው ምንም አልሰጠኝም፣ ተውኩት። ሰውነቴ እንቢ አለ፣ እኔም አልረባም ብዬ ነው የተውኩት፤ ያ ቃል ለዓመታት ውስጤ ኖሯል። በ2015 ደግሞ «በሳምንት አምስት ኪሎ» ብሎ ሻይ የሚሸጥ ሰው 2,800 ብር ተቀበለኝ። ሻዩ ያስቀምጠኛል፣ ያሸናኛል፣ ሚዛኑም እውነትም ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ተመለሰ። ስደውልለት ሌላ ፓኬት ግዢ አለኝ። ዛሬ ሳስበው የሸጠልኝ የራሴን ውኃ ነው። አሁንም ያበሳጨኛል፤ በኔ ብር ሳይሆን፣ እንደኔ «አልረባም» ብለው በቀሩት ሴቶች።

ዘንድሮ ሁለተኛው ሳምንት 0.8 ሰጠኝ፣ 80.6። ሦስተኛው ላይ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ግንቦት 16። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። የወር አበባዬም ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰኞ 80.7፣ መቶ ግራም ጨምሬ። ሚዛኑ ላይ እንደቆምኩ እግሬን ቀዘቀዘኝ፤ ያው የድሮው ቦታ ደርሼ ነበርና። ነገር ግን ይህን ጊዜ የማውቀው ነገር ነበር። በሰርጉ እንጀራና በሰርጉ ጨው ጎተራው ትንሽ ሞልቷል፣ ውኃውም አብሮ ተመልሷል፤ ከወር አበባ በፊትም ሰውነት ውኃ ይይዛል። ስቡ ከሥር መሄዱን አላቆመም። ተልባ መጠጥ ወይም ሌላ ሻይ ፍለጋ አልሄድኩም። ከሥራ በኋላ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ጊዮርጊስ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ሰኞ 80.1 አለ።

በአራት ሳምንት 4.5 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ስቡ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላ ይሆናል። ያችን ሁለት ኪሎ ያልሞላች ግን እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም የኔ ናት፤ በአንድ ሰርግ አትመለስም። ሐምሌ ውስጥ ደሜን እንደገና እሰጣለሁ፣ ያኔ 6.1ኛዋ የት እንደደረሰች አያለሁ።

አሁን ራት ላይ እማዬ አንድ ነገር አለችኝ፦ «ጾሙን ለሚዛኑ ብለሽ አትጹሚው። ጾሙ ለእግዜር ነው።» እሺ አልኳት፣ ከልቤ ነው።

ለጾሙ የተገዛው አዲሱ የዘይት ጀሪካን ጓዳ ተቀምጧል። ውኃ ልቀዳ ስገባ አየሁት። የሾርባ ማንኪያውን በነጭ ክር እጀታው ላይ አስራዋለች።