ክንፉ ስድስት ነጥብ፣ ድንጋዩ ሁለት

ስድስት ነጥብ ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

የምሠራው የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ በሚያሳትም አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፣ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። የኔ ሥራ ደንብ መጻፍ ነው። ያን ሰሞን የደረሰኝ ምዕራፍ ሰውና ኤልፍ (ጆሮው ሹል የሆነ የተረት ዝርያ) መሆን የሰለቸው ተጫዋች የሚመርጣቸው አራት እንግዳ ዝርያዎች ነበሩ፦ ክንፈኞች፣ አለቶች (የድንጋይ ሰዎች)፣ ዛፍ ሰዎችና ፈረስ ሰዎች። (ቢሮ ውስጥ «ዝርያ» ነው የምንለው። የዚህ ጨዋታ ዓይነት ቀዳሚ የሆነው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ደንቡ «ሬስ» (ዘር) የሚለውን ቃል ትቶ «ስፒሺስ» (ዝርያ) ብሏል።)

የዚህ ሥራ ፈተናው እኩል ማድረግ ነው። አንዱ ይበርራል፣ ሌላው አይበርርም፤ ሁለቱም ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጠው እኩል መደሰት አለባቸው። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የዋጋ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ዝርያ 4 ነጥብ። መብረር 6 ነጥብ ይፈጃል፣ በጨለማ ማየት 1፣ አለመተንፈስ 1፣ አለመተኛት 1፣ አለመብላት ባዶ። ጉድለት ደግሞ ነጥብ ይመልሳል፦ ክንፈኛ ከባድ የብረት ጥሩር መልበስ ስለማይችል 2 ተመለሰለት። ስድስት ሲቀነስ ሁለት፣ አራት። ልክ መጣ! ሠንጠረዡን በቀለም አስውቤ ለዋና አርታኢያችን ላክሁላቸው። «በጠረጴዛ እንየው» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ።

የመጀመሪያው የሙከራ ጨዋታ ላይ ድልድዩ የተሰበረ ገደል አዘጋጅቼ ነበር። ተጫዋቾቹ እንጨት ቆርጠው፣ ገመድ ወርውረው፣ ተከራክረው አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩበታል ብዬ ነው። ክንፈኛዋን የያዘችው ልጅ የገመዱን ጫፍ ነክሳ በርራ ተሻገረች፣ ወዲያ ማዶ ካለው ግንድ አሰረችው፣ አለቀ። አራት ደቂቃ። የኔን የአንድ ሰዓት ዝግጅት በጥርሷ ይዛው ሄደች ማለት ነው።

ከገደሉ ማዶ አንድ አውሬ አለ። 60 የሕይወት ነጥብ (ዜሮ ሲደርስ ይወድቃል) ስላለው ለጀማሪ ገጸ ባሕርያት የሚሸሽ እንጂ የሚገደል አልነበረም። ልጅቷ ክንፏን ዘርግታ ወደ ላይ ወጣችና ቀስቷን ሳበች። አውሬው ጥርስና ጥፍር እንጂ የሚወረውረው የለውም። ሒሳቡን ያኔውኑ በጣቴ ሠራሁት፦ የአንድ ፍላጻ ጉዳት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 3፣ በአማካይ 7.5፤ የመምታት ዕድሏ 65 በመቶ፤ በዙር ወደ 5 ነጥብ ገደማ። 12 ወይም 13 ዙር ይበቃታል። ፍላጻዋ 20 ነው። የቀሩት ሦስቱ ተጫዋቾች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሽቅብ ያንጋጥጣሉ። አንዱ «እኛ ምን እናድርግ?» ሲል የጨዋታው መሪ «አጨብጭቡ» አለው። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ያን ጊዜ ነው ስለ ጥሩሩም የገባኝ። ቀስተኛ ድሮም ከባድ ጥሩር አይለብስም፤ ያከብደዋል። ለዋና የሚገባን ሰው ካፖርት ከልክዬ «ቀጣሁት» ብዬ ሁለት ነጥብ መልሼለት ነበር።

ማታውኑ ደንቡን አሻሻልኩት። የክንፈኛን የሕይወት ነጥብ በግማሽ ቀነስኩ፤ «አጥንታቸው ባዶ ነው» የሚል ምክንያትም ጨመርኩበት። በማግስቱ ሁለተኛው ሙከራ ተደረገ። ታሪኩ በዚህኛው የሚጀምረው ጣሪያው ዝቅ ካለ ዋሻ ውስጥ ነው። ልጅቷ ላይ ክንፍ አለ፣ መብረሪያ የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰይፍ ያዥ በአንድ ምት ጣላት። ሌሎቹ ሲጫወቱ እሷ ስልኳን ስትነካካ አመሸች። ቅንድብ አበጃለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

አርታኢያችን በሁለቱም ቀን ጥግ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ደብተር ላይ ጭረት ሲያደርጉ ነበር። ዳይስ ወይም ጉዳት የሚመዘግቡ መስሎኝ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ደብተሩን ወደኔ ገፋ አደረጉት። አራት ዓምድ፣ ለአራት ተጫዋች። ተጫዋቹ የትዕይንቱን አካሄድ የሚቀይር ውሳኔ በወሰነ ቁጥር አንድ ጭረት። በመጀመሪያው ቀን የክንፈኛዋ ዓምድ 19፣ ሌሎቹ 3፣ 2 እና 4። በሁለተኛው ቀን የክንፈኛዋ 1።

«ሁለቱን ቀን ደምረህ ለሁለት ብታካፍለው 10 ይመጣል» አሉኝ። «በወረቀት እኩል ነው። ግን በሁለቱም ቀን የተደሰተ ሰው አየህ?»

ዝም አልኩ።

ከዚያ የድሮ ነገር አነሡልኝ፤ ይህን ሥራ የጀመሩት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው በመጀመሪያው የዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ደንብ ድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ ዝርያ) የሚሆን ሰው በተዋጊነት ከ6ኛ ደረጃ በላይ አይወጣም ነበር፣ ሃፍሊንግ (ከዚያም ያነሰው) ደግሞ ከ4ኛ፤ ደረጃ ማለት ገጸ ባሕርዩ ሲጫወት እየጠነከረ የሚወጣው መሰላል ነው። ሰው ግን ገደብ የለበትም። «የዝርያው ልዩ ጥቅም ከመጀመሪያው ምሽት ይጀምራል፣ ክፍያው ስንት ወር ቆይቶ ነው። ጨዋታው ቀድሞ ከተበተነ ድዋርፉ ሳይከፍል ሄደ፤ ከቀጠለ ደግሞ ጓደኞቹ ሲያድጉ እሱ ቆሞ ቀረ» አሉ።

ወረቀት ስበው ሌላውን ደግሞ በቁጥር አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተሻሻለው እትም ድራው የሚባለው ከመሬት በታች የሚኖር ኤልፍ የሁለት ደረጃ «ማስተካከያ» ነበረበት፤ ለልዩ ኃይሉ ከቡድኑ ሁለት ደረጃ ወደኋላ ይቀራል ማለት ነው። ቡድኑ 5ኛ ደረጃ ላይ ከሆነ ድራው አስማተኛ በትክክል 3ኛ ላይ ነው። የአስማተኛ የሕይወት ዳይስ ያኔ ባለ 4 ገጽ ስለሆነ ሌላ ጭማሪ ከሌለው ለመጀመሪያው ደረጃ ሙሉው 4፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ደረጃዎች አማካዩ 2.5 ሲደመር 2.5፤ 9 ነጥብ። ፊት ለፊቱ የቆመው ባለ 5ኛ ደረጃ ጠላት የእሳት ኳስ ሲወረውር አምስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥላል፣ በአማካይ 17.5። ድራው አስማት የመቋቋም ኃይል አለው፣ ሁልጊዜ ግን አይሠራለትም። «ያልሠራለት ቀን ሊሞት ይችላል» ብለው 9 እና 17.5ን አንድ ላይ ከበቡ። ከሥሩም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ክፍያው ጥቅሙ ያለበት ትዕይንት ውስጥ ይሁን»። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የፈረስ ሰዎቹን ጉዳይ ለመዝለል እፈልጋለሁ። ፈረስ መሰላል ይወጣል ወይስ አይወጣም በሚል አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራክረን ሁለት ሰው ተኮራርፏል። (አይወጣም። ገመድና ትዕግሥተኛ ጓደኛ ያስፈልገዋል።) ዛፍ ሰዎቹም ቀላል ነበሩ።

ክንፈኛዋን እንደገና ጻፍኳት። የሕይወት ነጥቧን መለስኩላት፣ የጥሩሩን ክልከላ ከሒሳብ አወጣሁት። መብረር ግን እስከ 5ኛ ደረጃ ድረስ እንደ ዝላይ ሆነ፦ በአንድ ተራ 30 ጫማ ትበርራለች፣ ተራዋ ሲያልቅ እግሯ የሆነ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። ከከፍታ ብትወድቅ ክንፏ ስለሚይዛት አትጎዳም። ለምን 5ኛ? በዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አስማተኛው የመብረር ድግምት የሚያገኘው እዚያ ደረጃ ላይ ነው፤ እሷ በነፃነት መብረር ስትጀምር ሌሎቹም መንገድ አላቸው። በዚህ ደንብ 60 ጫማ ስፋት ያለውን ገደል ብቻዋን አትሻገረውም፤ ጓደኞቿ መሐል ላይ የምታርፍበት ነገር ካበጁላት ግን ትደርሳለች። አውሬውም ተራዋ ሲያልቅ የት እንዳረፈች ያያታል።

ሦስተኛውን ሙከራ በሙሉ ልብ ገባሁበት። ክንፈኛዋ ግሩም ሆነች፤ ደብተሩ ላይ 7 ጭረት። እኔ እሷን ብቻ እያየሁ ሳለ አለቱን የያዘው ዝምተኛ ልጅ «ሐይቁ ምን ያህል ጥልቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ምሽጉ ሐይቅ መካከል ነው። ጀልባ መለመን፣ ዘበኛ ማታለል፣ በጭጋግ መቅዘፍ አለ፤ ሁሉም ተጽፏል። ልጁ የጥልቀቱን መልስ ሲሰማ «እንግዲህ አልተነፍስም አይደል?» አለና በሐይቁ ወለል ላይ እየተራመደ ገባ። በወዲያኛው በኩል ወጥቶ የምሽጉን በር ከውስጥ ከፈተ። እንቅልፍ ስለሌለው ደግሞ ያዘጋጀሁት የሌሊት ጥቃት ማንንም ተኝቶ አላገኘም። ስንቅ ያለቀበት ትዕይንትም እሱን አይመለከተውም። አለመተንፈስ 1፣ አለመተኛት 1፣ አለመብላት ባዶ፤ ሁለት ነጥብ። ስድስት ነጥብ ያልኩት ክንፍ አንድ ገደልና አንድ አውሬ ነው ያጠፋው፣ ሁለት ነጥብ ያልኩት ድንጋይ ሦስት ትዕይንት በላ።

አርታኢያችን ሳይስቁ አልቀሩም። እኔም በዚህኛው ሳቅኩ።

ሠንጠረዡን ሰረዝኩት። አለቱን ደግሞ በየትዕይንቱ እንዲከፍል አደረግሁ፦ ውኃ ውስጥ ከገባ ሰውነቱ ውኃ ይጠጣል፣ እስኪደርቅ ድረስ እየተንጠባጠበ ስለሚሄድ ተደብቆ ማለፍ አይችልም። አይተኛም፣ ግን ሌሎቹ በሚተኙበት ሰዓት ልክ ደንዝዞ ይቆማል፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ለመንቀሳቀስ ግን አንድ ሙሉ ዙር ይፈጅበታል። በአራተኛው ሙከራ ሌሊቱ ላይ ያ ዝምተኛ ልጅ «መጡ! መጡ!» እያለ ሲጮህና እጁን ማንሳት ሲያቅተው ጠረጴዛው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ጭረቱ 6፣ 8፣ 7፣ 7።

የመጨረሻው ፋይል ወደ ማተሚያ የሚሄደው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ረቡዕ ሌሊት ከዚያው ልጅ መልእክት ደረሰኝ፦ «ክንፈኛዋ ከላይ ስትወድቅ አትጎዳም ይላል። አለቱስ? እሱ ሲወድቅ ታች የቆመው ሰውዬስ?»

ተነሥቼ ፋይሉን ከፈትኩት። ምንም አልተጻፈም።