ጉንዳን ናቸው ብዬ የጣልኳቸው ጢንዚዛዎች

በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ በአንድ የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጊዜያዊ ሠራተኛነት የተቀጠርኩት በጸደይ መግቢያ፣ ዶግውድ የሚባለው ዛፍ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ነበር። የደቡብ ፓይን ጢንዚዛ የሚባለው፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ቅርፊት ሰርሳሪ ተባይ በብዛት የሚበርረው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ወጥመዶቹም የሚሰቀሉት ያን ጊዜ ነው። የእኔ ድርሻ በየሳምንቱ ማጠራቀሚያቸውን እየገለበጥኩ የተያዘውን መቁጠር ነበር።

ከጥቃቅኖቹ ተባዮች ጋር አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ከፊቱ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ከኋላው ጥቁር ሆኖ ነጣ ያለ መቀነት የታጠቀ ፍጥረት በብዛት ይገኝ ነበር። በዛፍ ግንድ ላይ ሲሮጥ አይቼው ስለነበር ጉንዳን መሰለኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለቅሜ ጣልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ኃላፊዬ ቅጼን አይታ «ክሌሪድ» የሚለው ዓምድ ለምን ዜሮ ብቻ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የጣልኩትን ስገልጽላት አልተቆጣችም፤ አጉሊ መነጽር ሰጥታ ከዚያ ሳምንት ናሙና አንዱን እንዳየው አደረገች። ጉንዳን ቀጭን ወገብና እንደ ክርን የታጠፈ አንቴና አለው፤ ይህ ግን ወገቡ አልቀጠነም፣ በጀርባው ላይም ሁለት ጠንካራ የክንፍ ክዳኖች መሐል ለመሐል በቀጥታ መስመር ተጋጥመዋል። ጢንዚዛ ነው፤ ስሙም ታናሲመስ ዱቢየስ፣ ክሌሪድ ከሚባሉት አዳኝ ጢንዚዛዎች አንዱ።

ከሁሉ ያስገረመኝ አመጣጡ ነው። ተባዮቹ ዛፍ ሲያጠቁ ፍሮንታሊን የተባለ ሽታ እየረጩ ወገኖቻቸውን ይጠራሉ፤ ክሌሪዱም ያንኑ ሽታ ተከትሎ መጥቶ ቅርፊቱ ላይ ያድናቸዋል፣ እጮቹ ደግሞ ከቅርፊት በታች ገብተው የተባዩን እጮች ይበላሉ። ወጥመዱ ላይ የምንሰቅለው ማባበያም ይኸው ሽታ ያለበት ነው። በደቡብ ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ትንበያ ሁለቱን አብሮ የሚቆጥረውም ስለዚህ ነው፤ ከድምሩ የተባዩ ድርሻ ከፍ ሲል ወረርሽኝ ያሰጋል፣ ዝቅ ሲል ተባዩ እየቀነሰ ነው። 60 ተባይ ብቻውን ሲመዘገብ 100 በመቶ ይሆናል፤ 90 ክሌሪድ አብሮት ቢቆጠር ግን 40 በመቶ ነው። የእኔ ቁጥር እንዳለ ቢተላለፍ ኖሮ የደን ባለቤቶች ያለ ምክንያት ዛፋቸውን ለመቁረጥ ሊቸኩሉ ይችሉ ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

የሁለቱ ሳምንታት መዝገብ የማይታመን ተብሎ ከስሌቱ ወጣ። በአራተኛው ሳምንት ከአንዱ ወጥመድ ብቻ 31 ክሌሪድ ቆጠርኩ፤ እያንዳንዱንም በመነጽሩ አየሁት።