«ውሃ ገብቶበታል!»

አቦ፣ ድሬ ውስጥ ላፕቶፕ ልትገዛ ካሰብክ ለሰው አትንገር። እኔ ቡና ላይ አመለጠኝና ሰፈሩ በሙሉ ኢንጂነር ሆነ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን «ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ እንዳትነካው» አለኝ። እሱ ራሱ ላፕቶፕ የለውም። እናቴ ደግሞ «ጥቁር እንዳትገዛ፣ ሙቀት ይስባል» አለች። እሷ እንኳን ምክንያት ነበራት።

የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ኤክሴል ልሠራበት፣ ደብዳቤ ልጽፍበት፣ ማታ ፊልም ላይበት። ጌም አልጫወት፣ ቪዲዮ አላቀናብር። ኪሴ የሚችለው ደግሞ ያገለገለ ብቻ ነው። አዲሱ ዋጋው ሲነገርህ የሚነግርህ ሰው ራሱ አይንህን አያይም።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አይቲ ነው የሚሠራው። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አሰለጠነኝ። «ኮር አይ ፋይቭ ነው ሲሉህ ዝም ብለህ እንዳትቀበል፣ ስንተኛ ጄኔሬሽን፣ ስንተኛ ትውልድ ነው በል። አይ ፋይቭ ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እየው። 6300 ካለ ስድስተኛ ነው፣ 8250 ካለ ስምንተኛ ነው። ከስምንተኛ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11 በደንቡ አይቀበለውም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ድጋፉን አቁሞለታል። ራሙ፣ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ፣ ከ8 ጊጋ አይነስ። ፋይል ማስቀመጫው ሃርድ ዲስክ የሆነውን እለፈው፣ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ይሁን።» ይሄን ሁሉ ሸመደድኩ። ማትሪክ ስፈተን እንዲህ ባጠና ኖሮ ዛሬ ያገለገለ ላፕቶፕ አልፈልግም ነበር።

መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ሞከርኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልሳደብ። «ምርጥ ላፕቶፕ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ለምን በውስጥ? ሚስቱ እንዳትሰማ ነው? እሺ ብለህ በውስጥ ስትሄድ ደግሞ «ወንድም በጀትህ ስንት ነው?» ይልሃል። የኔ በጀት ምን አገባው? ብነግረው እኮ ዋጋው በተአምር ልክ እሱኑ ሆኖ ነው የሚመጣው። ፎቶው ላይ የሚታየው ክዳኑ ነው፣ ክዳን ብቻ፣ ልክ የሚሸጠው ክዳን ይመስል። ሌላ ፎቶ ላክልኝ ስትለው ያንኑ ክዳን ከሌላ አቅጣጫ ያነሳልሃል። በመጨረሻ ሲከፈት «ስላይትሊ ዩዝድ» የተባለው እቃ ኢንተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። ለአንድ ትውልድ የተተየበበት ነገር ነው እኮ፣ ስላይትሊ ይሉታል!

ስለዚህ እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ መጨረሻዬ ታይዋን ሆነ፣ አገሩ ሳይሆን ገበያችን። ጠዋት ነው የሄድኩት፣ ምክንያቱም ከምሳ በኋላ ከተማው ይዘጋል፣ ሻጩም በርጫ ላይ ነው፣ በርጫ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ነው የሚለው።

ገና ሰላም ሳልል «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» አልኩ። ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ። «ወላሂ ስምንተኛ ነው» አለ። ወላሂውን ትቼ ስታርትን በቀኝ ጠቅ አድርጌ ሲስተም ውስጥ ገባሁ። 8250። ራም 8። ኤስኤስዲ 256። ፋኑ የደንገጎን ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ ያቃስታል፣ ግን በዚያ ሙቀት እኔም እያቃሰትኩ ስለነበር ይቅርታ አደረግኩለት። ዋጋ ተከራከርን። 33 ሺህ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ከፍዬ ብሄድ ምን ነበረበት? ግን የአክስቴ ልጅ አንድ የመጨረሻ ነገር ነግሮኝ ነበር። ጥቁሩን ስክሪን ከፍተህ አንዲት ትእዛዝ ስትጽፍበት ባትሪው ሲመረት ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ሪፖርት ያወጣልሃል። ይሄን ለሰው ፊት ነበር ያስቀመጥኩት።

ጥቁሩ ስክሪን ሲከፈት ሰው ተሰበሰበ። ፊልም ላይ ባንክ የሚዘርፉት የሚከፍቱት ነገር ነዋ! ኦቾሎኒ ሻጯ ቆመች። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ገቡ። ካርድ ሊሞሉ የመጡ አንድ ሽማግሌም ከዘራቸውን ተደግፈው ያያሉ። እኔ በሁለት ጣቴ፣ ቁልፎቹን እያየሁ፣ ቀስ እያልኩ ጻፍኩ። ኢንተር።

ቀይ ጽሑፍ። እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለኝ።

ደግሜ ጻፍኩ። ቀይ። ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳይ፣ ኤ የተጫንኩበት ቦታ ኪው ቁጭ ብሏል። ደብልዩ ያልኩት ዜድ ሆኗል። ኤም ስጫን ሴሚኮለን ይወጣል። ልቤ ዘለለ፤ ያዝኩት አልኩ በሆዴ። እና ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ እጄን ወደ ኪቦርዱ ቀስሬ፣ እስካሁን አልጋ ላይ ስሆን ጆሮዬ ላይ የሚመላለሰውን ቃል ተናገርኩ።

«ውሃ ገብቶበታል! ማዘርቦርዱ አልቋል! እኔን አታታልሉኝም!»

ሻጩ በእናቱ ማለ። ባጃጅ ነጂው «ወሪያ፣ ውሃ የገባበት ትሸጣለህ?» ብሎ ከኔ ጋር ተሰለፈ። ኦቾሎኒ ሻጯ ምላሷን መጠጠች። የሻጩ ታናሽ ወንድም፣ አፉ ላይ ሳምቡሳ የያዘ ልጅ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በመሀላችን ተሹለክልኮ ሁለት ቁልፍ አብሮ ተጫነ። ዊንዶውስና ስፔስ። ከስር ጥግ ላይ የነበረው የእንግሊዝኛ ምልክት ወደ ፈረንሳይኛ ተቀየረ። «አሁን ሞክር» አለኝ፣ ሳምቡሳውን እያኘከ።

ኤ ተጫንኩ። ኤ ወጣ።

እቃው ከጅቡቲ የመጣ ነው። ኪቦርዱ የፈረንሳይ ነው። የፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ኤ እና ኪው፣ ዜድ እና ደብልዩ ቦታ ተቀያይረዋል፣ ኤም ደግሞ ከኤል ጎን ሄዳለች። ዩቲዩብ ላይ ላፕቶፕ አመራረጥ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ስክሪን፣ ስለ ማጠፊያ ሲያወራ ይውላል። «ጎንበስ ብለህ ፊደሉን አንብብ» ያለኝ አንድ ሰው የለም! አንድ!

ሰው መሳቅ ጀመረ። ያኔ ነው ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው «አዘርቲ! አዘርቲ!» እያሉ የመጡት፤ የፈረንሳዩ ኪቦርድ ስም ነው ለካ። የባቡሩ ጡረተኛ ናቸው፣ የጽሕፈት ክፍል ታይፒስት። እንግዲህ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲደርስ ፈረንሳይኛውንም ጭኖ ነው የመጣው፣ ቢሮው በሱ ሲጽፍ ኖረ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛሬም በፈረንሳይኛ የሚቆጡ ሽማግሌዎች አሉ። እኚህ አንዱ ናቸው። ከወንበሬ አስነሱኝና ተቀመጡ። ልጁ ባዶ ገጽ ከፈተላቸው።

በአሥር ጣት ነው የሚጽፉት። ኪቦርዱን አያዩም። እያዩ ያሉት እኔን ነው። «ሞስዮ ለ ሼፍ ደ ጋር» እያሉ፣ ለጣቢያው ሹም የሚጻፍ ደብዳቤ መሰለኝ፣ ይወርዱታል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። መስመሩ ሲያልቅ ግን በጽሕፈት መኪና ደወል ይደወላል፣ ከዚያ በግራ እጅ ዘንጉን ገፍተህ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ትመልሰዋለህ። ላፕቶፕ ደወል የለውም። ስለዚህ ደወሉን እሳቸው በአፋቸው ደወሉት። «ቲንግ!» አሉ። ቀጥሎ በግራ እጃቸው የስክሪኑን ጠርዝ በጥፊ አሉት።

ላፕቶፑ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። ሻጩ ጮኸ። እሳቸው አልሰሙም፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ናቸው። ቲንግ! ጥፊ። «አባባ ተው፣ ስክሪኑ ይሰበራል!» ይላል ልጁ፣ ሳምቡሳውን ጥሎ በሁለት እጁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እየጠበቀ። ቲንግ! ጥፊ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሰዉ ለመደና አብሮ መደወል ጀመረ። እሳቸው ወደ መስመሩ ጫፍ ሲጠጉ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ሱቁ በሙሉ፣ ኦቾሎኒ ሻጯ ጭምር፣ «ቲንግ!» ከጎን ያሉ ሱቆች ሠራተኞች መጡ። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። እንደጨረሱ ፊርማ የሚፈርሙበት ወረቀት ጠየቁ፣ አጡ፣ ተናደዱ፣ ከዚያ በትህትና ወደኔ ዞረው «ቮላ ሙሴ» አሉኝ፣ «ይኸው ጌታዬ» እንደማለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታይዋን ውስጥ ስሜ ሙሴ ነው። ቻርጀር ልጠይቅ ስገባ ሙሴ። ባጃጅ ስይዝ ሙሴ። አንዷን ልጅ ሻይ ልጋብዝ ይዤ ሳልፍ እንኳን ከሱቅ ውስጥ አንዱ «ሙሴ! ውሃ ገባብህ?» ብሎ ጮኸ።

በጣም ያቃጠለኝ ግን ይሄ አይደለም። ሻጩ የያዘው እቃ የፈረንሳይ መሆኑን እሱም ያወቀው ያን ቀን ነው፣ እና ወዲያው 2 ሺህ ጨመረበት! «የአውሮፓ ነው እኮ» ይለኛል። ፊደሉ የተዘበራረቀ እቃ እኮ ነው፣ መቀነስ ሲገባው! ያስቀነሱልኝ ሽማግሌው ናቸው። በኦሮምኛም በሶማሊኛም ተቆጥተውት 33 ሺህ ላይ መለሱት። በምላሹ ከኔ የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው። «አልፎ አልፎ እየመጣሁ እጄን ላፍታታ» አሉኝ። ሰው በተሰበሰበበት እምቢ ይባላል?

ባትሪው በነገራችን ላይ ደህና ነው። ሪፖርቱን ቤት ገብቼ አወጣሁት። ፍጥነቱም አሪፍ ነው፣ ኤክሴልም ፊልምም አይጨናነቅም። ችግሩ ፊደሉ ነው። በፈረንሳዩ አቀማመጥ ካደረግኩት ቁጥር ለመጻፍ ሺፍት መያዝ አለብኝ። ስረሳው ስልክ ቁጥሬ ሲጀምር በዜሮ ዘጠኝ ፋንታ ጭረት ያለበት ኤ እና ጭራ ያለው ሲ ይወጣል። ሥራዬ ሒሳብ ነው እንግዲህ። ወደ አማርኛ ስቀይረው ደግሞ ቁልፎቹ እንደ እንግሊዙ ይሆናሉ፣ «ም» ስፈልግ ኮማ ላይ ነው የምጫነው። ስቲከር ግዛ አሉኝ፣ ገዛሁ፣ በድሬ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ፊደሎቹ ጣቴ ላይ ተለጥፈው ቢሮ ሄድኩ።

«አልፎ አልፎ» ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ቤተሰብ ሆነዋል። ፀሐይ በረድ ሲል ይመጣሉ፣ እናቴ ሆጃ ታፈላላቸዋለች፣ ላፕቶፑን እኔ ሳልጠየቅ አውጥታ ትሰጣቸዋለች። እኔ ፊልሜን መሀል ላይ አቁሜ እነሳለሁ። ከዚያ ሳሎኑ ቲንግ፣ ጥፊ፣ ቲንግ፣ ጥፊ። እናቴም መደወል ተምራለች፣ ከማድ ቤት ሆና።

አሁን በግራ በኩል ያለው ማጠፊያ ላልቷል፣ ስክሪኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጋራንቲ ሰጥቶኝ ስለነበር ወደ ሻጩ ይዤው ሄድኩ። አገላብጦ አየው፣ ማጠፊያውን ነቀነቀው፣ ወንድሙን ጠርቶ አሳየው።

«ሙሴ» አለኝ፣ «ጋራንቲው ጥፊን አይጨምርም።»