የእመት ጎጎ ሌሊት

ስሜን ተራሮች፣ እመት ጎጎ ላይ ሰማይ ፎቶ ሳነሳ አደርኩ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,926 ሜትር ነው። የየካቲት ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፉን ብብቴ ሥር ይዣለሁ። አብሮኝ ያለው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ «ወደ ጫፉ እንዳትጠጋ ወንድሜ፣ ነፋስ አለ» ይለኛል።

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 3200፣ ሌንሱ ለብርሃን ክፍት የሚሆነው 20 ሰከንድ። ከዚያ ብዙ ከቆየ ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ መስመር ይሆናሉ። ስክሪኑ ላይ ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ፣ የእኛ የከዋክብት ጭፍራ) ብቅ ሲል እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው።

ደግሞ ሰማያችን እንዴት የታደለ ነው! በሰሜን የዋልታው ኮከብ ከአድማሱ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ በደቡብ ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባሉት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ኮከቦች። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት! አውሮፓ ያላችሁ ጓደኞቼ መስቀሉን ከዚያ አታዩትም። የምትሄዱ ካላችሁ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ።