ስለ ጉዝ አቀማመስ የያዝኩት

ጉዝን፣ የቤልጅየሙን ኮምጣጣ ቢራ፣ ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው መጠጣት ጠርሙሱን ማባከን ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ አፍ ላይ የሚቀረው ኮምጣጣነቱና አረፋው ብቻ ነው፤ ሽታው አይነሳም። 12 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል። ቴርሞሜትር ከሌለ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። የመጨረሻዋን ብርጭቆ ግን ሆን ብዬ አሙቃታለሁ። ጉድለት ካለ ያኔ ይወጣል።

ተጋድሞ የተቀመጠ ጠርሙስ እንደተጋደመ፣ ጠርሙስ አጋድሞ በሚይዝ ቅርጫት ውስጥ ይከፈታል፣ አተላው ከጎኑ ተኝቷልና። ቅርጫት ከሌለ ከአንድ ቀን በፊት አቁሞ ማሳደር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ቆርኪ፣ ከሥሩ ቡሽ አለው። ቡሹ በዝግታ ይነቀል፣ ብርጭቆም ቀረብ ይበል፣ አንዳንዱ ይገነፍላል። ብርጭቆዎቹ አስቀድመው ተደርድረው ጠርሙሱ ሳይቃና በአንድ ማዘንበል ይቀዳ፤ በየመሐሉ ካቃኑት አተላው ተናውጦ ሁሉንም ያደፈርሳል። አተላው ጉዳት የለውም፣ ጣዕሙን ግን ያከብደዋል። ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ አረፋው ወዲያው ይሞታል፤ ጥፋቱ የቢራው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ኮምጣጣነቱ ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ይቸግረዋል። ብራስልስ፣ አንደርሌክት ሰፈር ከ1900 ጀምሮ ያለውን ካንቲዮን ጠማቂ ቤት ብንወስድ፣ ለጉዝ መነሻ የሚሆነው ላምቢክ የሚባል ቢራ እህሉ ከሦስት እጅ ሁለቱ የገብስ ብቅል፣ አንዱ ያልበቀለ ስንዴ ነው። ሆፑ፣ ቢራ ውስጥ የሚገባው መራራ አበባ፣ ደግሞ ሆን ተብሎ ዓመታት ያደረ ነው። እኛ ጌሾን ጠላ ውስጥ የምንከተው ምሬቱን ፈልገን ነው፤ እዚያ ግን ምሬቱ እንዲጠፋና ባክቴሪያ የመግታት ኃይሉ ግን እንዲቆይ ነው የሚያስረጁት። ሰዓታት የፈላው የብቅሉና የስንዴው ጭማቂ ጣሪያ ሥር ባለ ሰፊ፣ ጥልቀት በሌለው የመዳብ ገንዳ ተዘርግቶ ሌሊቱን በውጭ አየር ይቀዘቅዛል። እርሾ የሚጨምርበት ሰው የለም፤ ተሕዋሱ ከአካባቢው ራሱ ይገባበታል። ሥራው ከመጸው እስከ ጸደይ መግቢያ ብቻ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ጭማቂው ቶሎ አይበርድም፣ የማይፈለግ ተሕዋስም ይበዛበታል።

ከዚያ በርሜል ይገባል። ቅድሚያ የሚነሱት የአንጀት ባክቴሪያ ዘመዶች ናቸው፣ ቀጥሎ ተራው የቢራ እርሾ፣ ከወራት በኋላ ፔዲዮኮከስ የሚባል የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ፣ በመጨረሻ ብሬታኖማይሰስ የሚባል የዱር እርሾ። ፔዲዮኮከስ ሲበረታ ቢራው ዝልግልግ የሚልበት ጊዜ አለ። ያልለመደ ጠማቂ ተበላሸ ብሎ ሊደፋው ይችላል፤ ብሬታኖማይሰስ ግን ያንን ዝልግልግ ፈጭቶ ያጠራዋል፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ጉዝ የሚወጣው የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተደባልቆ ነው፤ የወጣቱ ያልተበላ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ፈልቶ አረፋውን ይሰጠዋል።

ወደ ምላስ እንምጣ። ሳይነቀነቅ አንዴ፣ ተነቅንቆ አንዴ ይሸተት። ሎሚ፣ ያልበሰለ ፖም፣ ድርቆሽ፣ ላብ የጠጣ የኮርቻ ቆዳ፦ እነዚህ ትክክለኞቹ ናቸው፤ ቆዳውና ድርቆሹ የብሬታኖማይሰስ ናቸው። አንድ ጉንጭ ይዞ ጥቂት ማቆየት፣ መዋጥ፣ ከዚያ በአፍንጫ መተንፈስ። የላክቲክ አሲድ ጉንጭ ላይ ይቀመጣል፣ ምራቅ ይሞላል፣ ጉሮሮን አይነካም። አቼቶ የሆነው ግን ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይወጋል። ጥቂቱ ቢራውን ያነቃዋል። ሲበዛ ግን በርሜሉ ጎድሎ ሳይሞላ እንደቆየና አየር እንደገባው ይናገራል፤ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ያለ ኦክስጅን አይሠራም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከተከተለው አልጨርሰውም። «ጎምዛዛ ነውና ጥሩ ነው» የሚለውን ፍርድ አልቀበልም፤ ጥርስ እስኪያደነዝዝ የኮመጠጠ ሁሉ ጥበብ አይደለም።

አሳቻው ጉድለት የአይጥ ጎጆ የሚባለው ነው። ሲሸተት የለም፣ ሲጎረስም የለም። ከተዋጠ ከ10 ወይም 20 ሰከንድ በኋላ እንደ ሻገተ ብስኩት ከምላስ ሥር ይነሳል፤ ቢራው ኮምጣጣ ስለሆነ ጠረኑን አፍኖ ይይዘዋል፣ ምራቅ አሲዱን ሲያለዝበው ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ በአንዱና በሁለተኛው ጉንጭ መካከል መታገስ ያስፈልጋል። የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ፣ ሁለት ሰው አብሮ መቅመሱ ይጠቅማል። በቅርቡ የታሸገ ጠርሙስ ላይ ከተገኘ ወራት ሲያልፉ ሊጠፋ ይችላልና ቀሪውን ጠርሙስ ምድር ቤት ማስተኛት ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ከቅምሻው በፊት አይነኩ፤ ደረቅ ዳቦና ውሃ ይበቃል።

ሲገዛ መለያው ላይ «ኦውደ ጉዝ» የሚል ጽሑፍ ይፈለግ። እሱ ከሌለ ጣፋጭ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የጻፍኩት ሁሉ በዚያኛው ላይ ብዙም አይሠራም።